«አባዬ፣ አንተ ለምን አትጸልይም?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 41 ነው። ካገባሁ 12 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አለን።

ባለቤቴ አማኝ ናት። እኔ አይደለሁም። ስንጋባ ታውቅ ነበር፣ አልዋሸኋትም። እጮኛሞች ሳለን ሁለት ወር ያህል አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር፤ ከዚያ ቀረሁ። ምንም አላለችኝም። አንድ ቀን ግን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ አገኘኋት። ያን ጊዜ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሁለተኛ በከንቱ ተስፋ አልሰጣትም አልኩ።

በእምነቷ አንጣላም። እንዲያውም ችግሬ የዚህ ተቃራኒ ነው። እኔ ያደግሁበት ቤት ሌላ ነበር። አባቴ ጸሎተኛ ነው። ሲጸልይ ድምፁ ሰው ያስለቅሳል። ሲመታንም ያው ድምፅ ነበር። የበሩ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ እኔና ወንድሞቼ እንበታተናለን። በዚያ ቤት «ይቅርታ» የሚል ቃል ከትልቅ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

የባለቤቴ እምነት ድምፅ የለውም። ማታ ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት አብረው ይጸልያሉ። ከጸሎቱ በፊት ግን ቀን የተጣላ ካለ ይቅር መባባል አለበት። እሷም ጭምር። የ5 ዓመቱን ልጅ «ጠዋት የጮህኩብህ እኔ ስለቸኮልኩ ነው፣ አንተ አላጠፋህም፣ ይቅርታ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ወር ልጄ አንድ ብርጭቆ ውኃ ላፕቶፔ ላይ ደፋችብኝ። ጮህኩባት። አባቴን ነው የሆንኩት፣ ድምፁ ሳይቀር። ማታ ቻርጀሬን ፈልጌ በኮሪደሩ ሳልፍ ስትጸልይ ሰማኋት። «አባዬን ስለሰጠኸኝ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሩንም ፈውስለት» አለች። ቻርጀሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። በሕይወቴ ልጅን ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። «እሺ» አለችኝ። ቀጥላ «አባዬ፣ አንተ ለምን አትጸልይም?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳት።

አሁን የጋብቻችን 12ኛ ዓመት እየመጣ ነው። ባለቤቴ የጸሎት ጓደኞቿን ቤት ልትጠራ አስባለች። እኔም ሁለት ቃል ምስጋና እንድናገር ጠየቀችኝ። እነዚህ ሴቶች አምና ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ሆና ስትተኛ ለሁለት ሳምንት ተራ ገብተው ልጆቼን ከትምህርት ቤት ያመጡ፣ ልብሳቸውን ያጠቡ ናቸው። አመስጋኝ ነኝ፣ ውስጤ ሞልቷል። ግን አፌን ስከፍት «ተመለሰ!» ቢሉስ? እሷ እንደገና ተስፋ ብታደርግስ? ጓደኛዬ «ዝም ብለህ አሜን በል፣ ምን ይጎዳሃል?» ይለኛል። ዝም ብል ደግሞ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። በማላምንበት ነገር ሞቄ መኖሬስ አስመሳይነት አይደለም?

ኮሪደሩ ላይ የቆመው

* * *

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ቻርጀሩ ጋ ስደርስ እኔም ቆም አልኩ።

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ የማምን ሴት ነኝ። ምክሬን ስትመዝን ይህን አውቀህ መዝነው። ጎበዝ አማኝ ነኝ ግን አላልኩም፤ እኛ ቤት ማታ የሚጸልየው ባለቤቴ ነው፣ እኔ መሀል ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። አንተንም ወደ እምነት ልጎትትህ አልተቀመጥኩም። የጠየቅከኝ እንዴት ላመስግን ብለህ ነው፣ እንዴት ልመን ብለህ አይደለም።

አስመሳይ ነኝ ወይ ላልከው፣ አይመስለኝም። አስመሳይ ማለት ያልሆነውን ነኝ የሚል ሰው ነው። አንተ 12 ዓመት ሙሉ ያልሆንከውን ላለማለት ስትጠነቀቅ ኖረሃል። ችግሩ ጥንቃቄው በዝቶ ምስጋናውንም አብረህ ዋጥከው።

ሐዋርያት ሥራ 27 ላይ አንድ የመርከብ ታሪክ አለ፣ ባለቤትህ ታውቀዋለች። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡን ማዕበል ያዘው። ሰዎቹ ለ14 ቀን እህል አልቀመሱም። መርከቡ ላይ 276 ሰው ነበር፤ ወታደሩም፣ መርከበኛውም፣ እስረኛውም እዚያው ነው። ጳውሎስ በሁሉም ፊት ቁራሽ ይዞ አመሰገነና ቆርሶ መብላት ጀመረ። ሌሎቹም ተጽናኑና በሉ። ያመነ ብቻ ይብላ ያለ የለም። ከበሉት መሀል ማን በኋላ አመነ፣ ማን እንደነበረ ቀረ የሚል ነገርም እዚያ ቦታ አልተጻፈም። እናንተ ቤት የምታመሰግነው እሷ ናት፣ አብረህ የምትበላው አንተ ነህ። ብላ እንግዲህ። በሌላ ሰው ምስጋና መጽናናት ሌብነት አይደለም።

እስቲ ወደ ኮሪደሩ እንመለስ፤ አንተ ቶሎ አለፍከው እንጂ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው። ይቅርታ መጠየቅን ከየት ተማርከው? ከአባትህ ቤት እንዳላመጣኸው ራስህ ነግረኸኛል። ይቅርታ እንደ ቋንቋ ነው፣ ሲነገር ያልሰማው ሰው አፉ ላይ አይመጣለትም። አንተ ግን ስንት ዓመት ከበሩ ውጪ ሆነህ ስትሰማ ኖርክ። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለው ቃል ኤፌሶን 4 ላይ አለ። የባለቤትህ የማታ ሕግ የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ አማኝ ይህን ጥቅስ በቃሉ ያውቀዋል። በየማታው ለ5 ዓመት ልጅ «አንተ አላጠፋህም፣ እኔ ነኝ» እስከማለት የሚያደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። እኔ ራሴ አላደረስኩትም፤ ልጆቼ ትንንሽ በነበሩ ጊዜ ቶሎ የምጠይቀው ይቅርታ የጎረቤቶቼን ነበር።

ስለ አባትህ አንድ ጥያቄ አለኝ። መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፣ ለራስህ ያዘው። አላምንበትም ከምትለው ነገር ውስጥ ምን ያህሉ እግዚአብሔር ነው፣ ምን ያህሉስ አባትህ ነው? ልጆችህ ማታ የሚሉት ጸሎት «አባታችን ሆይ» ብሎ ይጀምራል። የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ ይበታተን ለነበረ ልጅ ገና የመጀመሪያው ቃል ራሱ ያደናቅፋል። ይህን የምለው «እንግዲያው አምነሃል፣ ሳታውቀው ነው» ልልህ አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች እኔንም ያናድዱኛል። ምናልባት ጥያቄዎቹን ለየብቻቸው ብታያቸው ይቀልልህ እንደሆነ ብዬ ነው። እግረ መንገዴን፣ «ድምፁ ሳይቀር» ያልካት ነገር ከተደጋገመች በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በሙያው የሠለጠነ ሰው ፊት ለፊት አናግር። አያሳፍርም።

አሁን ወደ ባለቤትህ። ግብዣው ላይ ከመናገርህ በፊት እሷን ለብቻዋ አናግራት። ቀደም ብለህ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልኮቻችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ። በጽሑፍ መልእክት እንዳትልክላት አደራ። አሥራ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነገር በስልክ አይላክም።

ስትጀምር የማትለውን ነገር አስቀድመህ አስታውቃት። ሰው ብዙ ጊዜ መልካሙን አስቀድሞ «ግን» የምትለዋን መጨረሻ ላይ ያመጣታል። እሷ እየሰማች ልቧ ከፍ፣ ከፍ ይልና በመጨረሻዋ ቃል ይወድቃል። አንተ ገልብጠው። «የምነግርሽ ነገር አለ። አመንኩ ልልሽ አይደለም፣ እሱን እንዳትጠብቂ። ማመስገን ፈልጌ ነው» በላት። ይኼው ነው፣ አታብዛው። ከዚያ በኋላ «ግን» የሚል ቃል አያስፈልግህም፣ እስከ መጨረሻው ማመስገን ትችላለህ።

ስታመሰግናትም በደፈናው «ጥሩ ሚስት ነሽ» ብለህ እንዳትተዋት። መዝሙር 136ን አንብበኸው ታውቃለህ? 26 ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱም ቁጥር የሚያልቀው «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ ነው። ለሚቸኩል ሰው አሰልቺ ይመስላል። ግን በየመሀሉ ያለውን ልብ በለው፤ ዝርዝር ነው። ሰማዩን እንዴት እንደሠራ፣ ባሕሩን እንዴት እንደከፈለ፣ ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብ እንደሚሰጥ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ምስጋና ዝርዝር ይወዳል። አንተም ጠዋት የተቸኮለችበትን ቀን፣ ልጁን ምን እንዳለችው፣ አንተ የት ቆመህ እንደሰማህ ንገራት። ኮሪደሩን ንገራት። ከአባትህ ቤት ምን ይዘህ እንደወጣህና እዚህ ምን እንዳገኘህ ንገራት። ከቁልፉ ድምፅ ትዝ ያለኝ ደግሞ አለ። አሁን የአንተ ቁልፍ በሩ ላይ ሲንቀጫቀጭ ልጆችህ ወደየት ነው የሚሮጡት? ወደ በሩ ከሆነ እሱንም ንገራት።

አንድ ነገር ግን እንዳታወጣበት፣ እምነቷን። የማያምኑ ሰዎች የሚያምን ሰው ሲያመሰግኑ ይህን ያደርጋሉ፣ በክፋትም አይደለም። «ያንቺ ደግነት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ይላሉ። እሷ ግን ደግነቱን ከየት እንደምትቀዳው ታውቃለች፤ ስትጮህ የሚይዛትን፣ ሳትወድ ይቅርታ የሚያስጠይቃትን ነገር ታውቃለች። ምንጩን ዘለህ እሷን ብቻ ካመሰገንክ ግማሹን ነው የምትሰማው። «እምነትሽ እዚህ ቤት ውስጥ ምን እንደሠራ አይቻለሁ» ማለት ትችላለህ። ይህን ለማለት ማመን አያስፈልግም። ማየት ይበቃል፣ አንተ ደግሞ አይተሃል።

ልታለቅስ ትችላለች። ብታለቅስ ለማስረዳት አትጣደፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣህ ነው፤ ያን ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ስታለቅስ አገኘኋት አልከኝ። ምን ሆና እንደነበር ጠየቅካት? ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ምክንያቱ አንተ እንደሆንክ ራስህ ወሰንክ፣ ራስህ ፈረድክ፣ ራስህ ቃል ገባህ። ይህ ሁሉ ዓመት በዚያ ቃል ታሰርክ። ልክ ልትሆን ትችላለህ። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ጠይቃት።

ስለ ተስፋዋም እንዲሁ። ተስፋዋ የእሷ ነው። እንዳይጨምር፣ እንዳይቀንስ ስትጠብቀው የምትኖር ዘበኛ አይደለህም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ያላመነ ባል ያላትን ሴት ባልሽን ታድኚው እንደሆነ ምን ታውቂያለሽ ብሎ ይጠይቃታል። እሱ ራሱ በጥያቄ ነው የተወው። ያንተ ድርሻ አለመዋሸት ነው። እሱን ደግሞ ጥሩ አድርገህ ይዘኸዋል፣ ከአንድ ማታ በስተቀር።

ወደዚያ ማታ ከመሄዳችን በፊት ግብዣውን እንጨርሰው፣ ይህኛው ቀላል ነው። አንተን ያስፈራህ ምስክርነት ነው፤ የተጠየቅከው ግን ምስጋና ነው። እነዚያ ሴቶች ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆችህን አምጥተዋል፣ ልብስ አጥበዋል። ባለዕዳቸው ነህ። ተነስተህ ይህንኑ ተናገር። ማን በየትኛው ቀን መጣች፣ ልጅህ ስለ ማን ምን አለህ፣ አንተ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጠህ (ኮሪደር መቼም አይለቅህም) ልጆችህ ደህና እንደሆኑ ማወቅህ ምን እንዳደረገልህ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። አንዷ «ጌታ ይመስገን!» ብላ ጮክ ብትል አትደንግጥ፤ እሷ ደስታዋን የምትናገርበት ቋንቋ ነው፣ ያንተን ስም መዝገብ ላይ መጻፏ አይደለም። ባለቤትህ ቀድማ ብትነግራቸው ደግሞ ይቀልልሃል፤ «ባሌ ሊያመሰግናችሁ ነው፣ ሌላ ነገር አትጠይቁብኝ» ካለቻቸው ይገባቸዋል።

አሁን «ደክሞኝ ነው»።

ወንድሜ፣ ይህቺ ትንሽ ቃል ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ ናት። የ8 ዓመት ልጅ የደከመ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ዛሬ «እሺ» ብላ ታልፋለች። ነገ ግን ደክሞህ ያላየችህ ቀን ትጠይቅሃለች፣ ወይም ከዚህ የባሰው፣ መጠየቅ ትተዋለች። አንተ ደግሞ ቃሉ ሌላ፣ ኑሮው ሌላ የሆነ አባት ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ስለዚህ አስተካክላት። ለባለቤትህ አስቀድመህ ንገራት፣ ልጅቷን የምታሳድጉት አብራችሁ ነውና ድንገት አትሁንባት። ከዚያ ለልጅህ እንዲህ በላት፦ «ያን ቀን ደክሞኝ ነው ያልኩሽ እውነት አልነበረም። እማዬና አንቺ የምታምኑትን እኔ አላምንም። አንቺ ስትጸልዪ መስማት ግን ደስ ይለኛል።» ብዙ ሰው እዚህ ቦታ «ገና» የምትል ቃል ጣል ያደርጋል፤ ገና አላመንኩም ይላል። ከልብህ ካልሆነ «ገና»ን አትጨምራት። ልጆች «ገና»ን እንደ ቀጠሮ ነው የሚይዟት።

ጓደኛህ ስለ አሜን ያለው ቀልድ ይመስላል፤ ግን አሜን ቀላል ቃል አይደለም። የዕብራይስጥ ቃል ነው፣ ሥሩም የጸና፣ እውነት የሆነ ከሚለው ይመጣል። ለወጉ ያህል አትበለው። ሆኖም አንድ ነገር አስብ። ልጅህ ማታ «እማዬን ጤና ስጣት» ስትል አንተ ይሁን አትልም? ከልብህ ትላለህ። ለወንድሟ እንቅልፍ ስትለምንስ? ለማን እንደተላከ እርግጠኛ ባልሆንበት ልመና ላይ እንኳ ምኞቱ የእኔም ነው ማለት ይቻላል። የምትፈልገውን ነገር ስትሰማ አሜን ብትል አልዋሸህም። የማትፈልገውን ስትሰማ ዝም በል። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ግን ዝም በል። ኮሪደሩ ይበቃሃል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች መሀል ብዙ ጊዜ የማስበው ሰው አለ፣ ስሙ እንኳ አልተጻፈም። የጢሞቴዎስ አባት ነው። ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ እምነት ሲጽፍ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ይጠራል። ስለ አባቱ የሐዋርያት ሥራ የሚለው የግሪክ ሰው እንደነበረ ብቻ ነው። ያ ሰው ማታ ማታ ምን ያደርግ ነበር? አያትና እናት ልጁን ሲያስተምሩት እሱ የት ነበር? ይቆጣ ነበር ወይስ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር? አላውቅም፣ አልተጻፈም። ያንተን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ግን ሳስበው እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዞ ቆሞ ይታየኛል።

ከባለቤትህ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ጻፍልኝ። ያን ቀን ለምን እንዳለቀሰች ብትነግርህ ለእኔ መንገር የለብህም፣ የእናንተ ነው። አንድ ነገር ግን ሳትነግረን ቀረህ፤ ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ዳነ?